እጅ አይዋሽም፦ ከኖዋር ወርሶ ሥነ ልቦናዊ ልብ አንጠልጣይ መጻፍ

ኖዋር (ጨለም ያለው የወንጀል ልብወለድና ፊልም ዘውግ) ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ረጅም ካፖርት፣ ዝናብ የመታው አስፋልትና በቢሮው መሳቢያ ጠርሙስ የሚደብቅ መርማሪ ነው። ሥነ ልቦናዊ ልብ አንጠልጣይ ለመጻፍ ከተነሳችሁ ይህን ሁሉ ተዉት፤ እቃው አርጅቷል። ያላረጀው አሠራሩ ነው። ጠያቂው ራሱ ንጹሕ አይደለም፤ ከወንጀሉ በፊት አንድ ሰው አጥብቆ የፈለገው ነገር አለ፤ እውነቱ ሲወጣም የሚድን የለም። የኖዋር መርማሪ የሰው በር እያንኳኳ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ የሚንኳኳው የተራኪው የራሱ ጭንቅላት ነው። ይህ ዝውውር በወረቀት ላይ እንዴት እንደሚሠራ ነው ከዚህ በታች የምናየው።

የዘር ሐረጉን በአጭሩ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1920 አሜሪካ ውስጥ መታተም የጀመረው «ብላክ ማስክ» እና መሰሎቹ ርካሽ መጽሔቶች ወንጀልን ከሀብታም ቤት ሳሎን አውጥተው ጎዳና ላይ ጣሉት። በ1930ዎቹ ጄምስ ኤም ኬን መርማሪውን ከመሃል አንስቶ ወንጀለኛው ራሱ እንዲተርክ አደረገ። በ1936 በተከታታይ በወጣው የኢንሹራንስ ሻጭ ታሪኩ ገዳዩን ለማወቅ መድከም አያስፈልግም፤ የሚያወራን እሱ ነው። በ1947 ዶሮቲ ቢ ሂዩዝ በሦስተኛ መደብ፣ ግን ከነፍሰ ገዳዩ ትከሻ ሳትወርድ አንድ ሙሉ ልብወለድ ጻፈች፤ ግድያዎቹን አታሳይም። «ኖዋር» የሚለው ስም ራሱ ዘግይቶ የመጣ ነው፦ የአሜሪካ ፊልሞችን «ፊልም ኖዋር» ብሎ በ1946 የጻፈው በፈረንሳይ ይሠራ የነበረው ሐያሲ ኒኖ ፍራንክ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የምታነቡትን ስትመርጡ መርማሪ ካላቸው ኖዋሮች ይልቅ መርማሪ የሌላቸውን አስቀድሙ። የዛሬው ሥነ ልቦናዊ ልብ አንጠልጣይ የቅርብ ዘመዶች እነሱ ናቸው።

ሦስት ዓምድ

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ከመጻፋችሁ በፊት ወረቀት ሦስት ቦታ ክፈሉ። አንደኛው ዓምድ ላይ በእርግጥ የሆነውን በቀንና በሰዓት፣ ያለ ምንም ማሳመሪያ አስፍሩ። ሁለተኛው ላይ ተራኪው ከዚያ ውስጥ የሚያውቀውን። ሦስተኛው ላይ ለአንባቢ የሚናገረውን። ከ20 እስከ 30 ረድፍ ከያዘ ለአንድ መጽሐፍ ይበቃል።

አሁን ዓምዶቹ የት ላይ እንደሚለያዩ ተመልከቱ። አንደኛውና ሁለተኛው ከተለያዩ ተራኪው ተታሏል፤ ወይ አያስታውስም፣ ወይ ሌላ ሰው እያሞኘው ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከተለያዩ ግን የሚያታልለው እሱ ነው። ሥነ ጽሑፍ አጥኚው ዌይን ቡዝ በ1961 «የማይታመን ተራኪ» የሚለውን ስም ካወጣ ወዲህ ሁለቱንም በአንድ ከረጢት መክተት ተለምዷል፤ ለጸሐፊ ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ፓውላ ሃውኪንስ በ2015 ባወጣችው ልብወለድ ዋናዋ ተራኪ የመጀመሪያዋ ዓይነት ናት፦ ጠጥታ የረሳችው ሌሊት አለ። ጊሊያን ፍሊን በ2012 ባወጣችው ደግሞ (ያላነበባችሁ ይቅርታ) የሚስቲቱ ማስታወሻ ደብተር ለሰው ዓይን ታስቦ የተፈበረከ ነው። የተታለለን ሰው አንባቢ ያዝንለታል፣ ስለዚህ ድክመቱን ቶሎ ብታሳዩ አይጎዳችሁም። የሚያታልል ሰው ግን ሌላ ነገር ይዞ መምጣት አለበት፤ የሚያስቅ ምላስ፣ የሰውን ገመና የሚያይ ዓይን፣ ወይም እውነተኛ ቁስል። የሚዋሽም የሚያሰለችም ተራኪ እስከ ሃያኛው ገጽ እንኳ አይነበብም።

በሦስተኛው ዓምድ ባዶ የቀረው እያንዳንዱ ቦታ አጠገብ ተራኪው የዘለለበትን ምክንያት በአንድ ቃል ጻፉ፦ ኀፍረት፣ ፍርሃት፣ ፍቅር፣ ልማድ። ምክንያቱ «ከተናገረ መጽሐፉ ያልቃል» ብቻ ከሆነ ያ ድብብቆሽ ነው፤ አንባቢም ይሸተዋል። ወይ ምክንያት ፈልጉለት፣ ወይ ቀድማችሁ አውጡት። ቀድሞ የወጣ ምሥጢር ብዙ ጊዜ ከተደበቀው የበለጠ ይሠራል፤ ኬን ገዳዩን ከመነሻው በማሳየቱ ያተረፈው ይህንኑ ነው። «ማን?» ሲወድቅ «መቼ ይፈርሳሉ?» ይነሳል።

እጅና አፍ

ዳሺል ሃሜት በ1930 በመጽሐፍ ያወጣው ዝነኛ የመርማሪ ልብወለድ ውስጥ ተራኪው የማንም ጭንቅላት ውስጥ አይገባም። መርማሪው ሌሊት በስልክ የባልደረባውን ሞት ይሰማል። ምን እንደተሰማው አይነገረንም። የሚነገረን ወፍራም ጣቶቹ ሲጋራውን እንዴት አድርገው እንደጠቀለሉ ነው፤ ትንባሆው፣ ወረቀቱ፣ ጥቅለላው፣ አንድ በአንድ። ኖዋር ልብን ደብቆ እጅን አሳየ።

የዛሬው ልብ አንጠልጣይ የገለበጠው ይህን ነው። ልብን ወለል አድርጎ ከፍቶ ያሳያል፤ የተከፈተው ልብ ግን ይዋሻል። ከዚህ የሚወጣው ሕግ ቀላል ነው። ተራኪው ሐሳቡን፣ ስሜቱንና ማብራሪያውን ማጣመም ይችላል፤ እጁ የሠራውን ግን ማጣመም አይፈቀድለትም። ሊዘልለው ይችላል፣ ያልሠራውን ሠራሁ ማለት ግን አይችልም። (ውሸቱን ለሌላ ገጸ ባሕርይ ሲናገር፣ ወይም ሰው እንዲያነበው በጻፈው ደብዳቤና ማስታወሻ ውስጥ ሲሆን ነጻ ነው፤ ያ ራሱ ድርጊት ነውና።) ሕጉ ከተጣሰ አንባቢ መጽሐፉን ደግሞ ሲያነብ የሚጨብጠው መሬት ያጣል።

በቅርብ እንየው፦

«ቤት ስደርስ መሽቷል። መብራቱን አበራሁ፣ ሁለቱን ኩባያ አጥቤ ቦታቸው መለስኩ፣ የሳሎኑን መስኮት ዘጋሁ። ከዚያ ደወልኩለት። አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ሁሌም እንዲህ ነው፤ ሲያኮርፍ ስልክ አያነሳም።»

በመጀመሪያ ንባብ ደክሟት የገባች ሚስት ናት። አንድም የሐሰት ድርጊት የለም። ሰውየው ቀኑን ብቻውን ቤት እንደዋለ ቀደም ብላ ነግራን ከሆነ ግን ሁለት ኩባያ ለምን? ከመደወሏ በፊት ማጠቡስ? ዋናው ደግሞ «ሁለቱን» የሚለው ቃል ነው። «ሁለት ኩባያ አገኘሁ» ብትል አሁን ያየችው ነገር ይሆን ነበር። «ሁለቱን ኩባያ» የሚል ሰው ሁለት መሆናቸውን አስቀድሞ ያውቃል። የተጣመመው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱ ማብራሪያ ነው፣ አፍ ነው።

አቀማመጡንም አስተውሉ። ጥቆማው ከሦስት ድርጊቶች መካከለኛው ላይ ነው፣ አንቀጹ የሚዘጋውም በስሜት ነው። የአንቀጽ ራስና ጅራት አንባቢ ላይ ይቀራሉ፤ መካከሉ ይንሸራተታል። ዋና የምትሉትን እያንዳንዱን ጥቆማ በመጽሐፉ ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት የተለያየ መልክ ዝሩት። አንዴ ብቻ ከሆነ መገለጡ ከሰማይ የወረደ ይመስላል፤ ከአራት ካለፈ ደግሞ አንባቢ ከእናንተ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቃችኋል።

አማርኛ የሚሰጠውና የሚነሳው

ይህን ዘውግ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በትርጉም መጻሕፍት ያየውን ዘዴ እንዳለ ቢያነሳ ይሰናከላል። የመጀመሪያው መሰናክል ጾታ ነው። ግሣችን «ገባ» ወይም «ገባች» ሳይል አያልፍም፤ ማንነቱ ያልታወቀ ገዳይ ጾታው በመጀመሪያው ግሥ ይጋለጣል። መውጫው አንደኛ መደብ ነው። «ገባሁ፣ ቆምኩ፣ አየሁት» ጾታ አይናገርም፤ ስለዚህ ማንነቱ የተሰወረ ሰው የሚተርክበትን ምዕራፍ በ«እኔ» ጻፉት። ብቻ ሌላ ሰው «አንተ» ወይም «አንቺ» ብሎ እንዳይጠራው ተጠንቀቁ፤ «እርስዎ» ያድናችኋል። ተገብሮ ግሥም አለ፦ በሩ ተንኳኳ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ኮቴ ተሰማ። ይህ ግን ከአንድ ገጽ በላይ ከተደረደረ «የሆነ ነገር እየተደበቀኝ ነው» ያሰኛል።

የሚሰጠውም ብዙ ነው። «በሩ ተከፍቷል» እና «በሩ ተከፈተ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን የሚለው ደርሶ ክፍት ያገኘው ሰው ነው፤ ሁለተኛውን የሚለው ሲከፈት እዚያው የነበረ። ተኝቼ ነበር ያለች ተራኪ በሌላ ምዕራፍ ያንኑ ሌሊት ስታወራ «በሩ ተከፈተና…» ብትል ነቄ አንባቢ ይይዛታል፣ ሌላው ያልፈዋል። «መሰለኝ»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «አሉ» የሚሉትንም በስሌት ተጠቀሙባቸው። ተራኪያችሁ ሁልጊዜ «መሰለኝ» የምትል ሴት ሆና ስለ አንዲት ሌሊት ብቻ ያለ «መሰለኝ» በእርግጠኝነት ብትናገር፣ ያ እርግጠኝነት የተጠና ነው ማለት ነው።

አክብሮትም መሣሪያ ነው። በኖዋር የምርመራ ትዕይንት ኃይል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚታየው በመልስ ፍጥነትና በዝምታ ነው። እኛ ዘንድ በአንዲት ቅጥያ ይታያል፦

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«ሥራ ቦታ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«መስኮቱን ልክፈተው፣ ታፍኗል።»

«እስከ ስንት ሰዓት ነው ያልኩሽ።»

«ጮኸባት» ወይም «ተናደደ» ማለት አያስፈልግም። «-ሽ» ጨርሳዋለች። በባልና ሚስት መካከል ተቃራኒው ይሠራል፤ ስትቀርበው «አንተ» ስትለው የኖረች ሚስት አንድ ቀን ጠዋት «እርስዎ» ካለችው ያ ቤት አልቋል። ይህን ለውጥ ግን በመጽሐፉ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ አውሉት፤ ከበዛ ይደነዝዛል።

ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ ለዚህ ዘውግ የተፈጠረ ነው። ሆኖም ቅኔ ላይ ሰሚው ወርቅ እንዳለ አውቆ ይፈልጋል፤ እዚህ ወርቅ መኖሩን ማወቅ የለበትም። ስለዚህ ኅብረ ቃል የሚሸት፣ ያሸበረቀ ዓረፍተ ነገር ጥቆማ መሸከሚያ አይሆንም። ጥቆማው ያለው ተራ፣ የሚሰለች የሚመስል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይሁን።

ጠርሙሱና የጭንቅላት ምቱ

የድሮው መርማሪ በየምዕራፉ ይጠጣል፣ በየጥቂቱ ደግሞ ከኋላው በሆነ ነገር ጭንቅላቱን ተመትቶ ይወድቃል። ሲነቃ አጠገቡ ሬሳ አለ። ይህ ተራ ማስፈራሪያ ይመስል ነበር፤ ግን ልብ በሉ፣ መርማሪው የማያውቀው አንድ ሰዓት ተፈጥሯል። ሥነ ልቦናዊ ልብ አንጠልጣይ ይህን አንድ ሰዓት ወስዶ መጽሐፉን ሁሉ በላዩ ሠራ። ጠርሙሱ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ሕመም ሆነ፤ ምቱም የመርሳት ክፍተት።

ክፍተቱን ስትሠሩ አንድ ብቻ ይሁን፣ ስፋቱም በሰዓት ይታወቅ፦ ከማታው ሦስት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ሰባት፣ ለምሳሌ። ከዚያ አራት ዱካ ተዉለት። አንዱ አካል ላይ (የማታውቀው ሰንበር)፣ አንዱ እቃ (የእሷ ያልሆነ ቁልፍ)፣ አንዱ ጽሑፍ (እሷ የላከችው የማታስታውሰው መልእክት)፣ አንዱ ሰው (ያያት)። ሁሉንም ባንድ ጠዋት አታውጡ። አካሉና እቃው በመጀመሪያው አሥረኛ፣ ጽሑፉ ሲሶው ላይ፣ ሰውየው ከግማሽ በኋላ ቢመጡ ጥሩ ነው፤ በተለይ ምስክሩ ያየው ነገር እስከዚያ ድረስ የገመትነውን ሁሉ የሚንድ ከሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ረቂቅ የሚበላሸው ትዝታው ደራሲው ባስፈለገው ሰዓት ከተፍ ሲል ነው። ጀግናዋ መስተዋት ታያለች፣ ድንገት ሁሉም ይታወሳታል፣ ምዕራፉ ያልቃል። ትዝታ ዋጋ ይከፈልበት። ወደማትፈልገው ቦታ ሄዳ፣ የማትፈልገውን ሰው ለምና፣ ለመያዝ ራሷን አጋልጣ ታግኘው። ሲመጣም በቁራጭ ይምጣ፣ መጀመሪያ ድምፅ ወይም ሽታ፤ እሷም በስህተት ትተርጉመው። ያ ስህተት ለ50 ገጽ ያህል ነዳጅ ይሆናል።

ለማን ነው የሚያወራው?

ኬን በ1934 ባወጣው ልብወለድ መጨረሻ ላይ ተራኪው የሞት ፍርዱን እየጠበቀ እንደጻፈው እንረዳለን። የኢንሹራንስ ሻጩ ታሪክ በ1944 ፊልም ሲሆን ደግሞ ቁስለኛው ሰው ሌሊት ቢሮ ገብቶ በድምፅ መቅጃ ለሥራ ባልደረባው ይናዘዛል። ኑዛዜ የኖዋር ትልቁ ቅርስ ነው፤ ብዙ ጀማሪ ግን አንደኛ መደብን ብቻ ወስዶ ሰሚውን ይረሳል። ሰሚ የሌለው «እኔ» ለምን እንደሚዋሽም አይታወቅም።

ስለዚህ ወሰኑ፦ የሚሰማው ማን ነው፣ ለምን ዛሬ? ለጠበቃ የሚናገር ሰው ቀናትና ሰዓት ያበዛል። ለሐኪም የሚናገር ልጅነቱን ያነሳል፣ ያለፈውን ሳምንት ይሸሻል። ለሞተ ሰው የሚናገር ይለምናል። ሰሚውን በመጽሐፉ ባትጠቅሱት እንኳ እናንተ እወቁት፤ የውሸቱን ቅርጽ የሚሰጠው እሱ ነው።

ሴትየዋና ቤቱ

በኖዋር ወንዱን ወደ ጥፋት የምትጎትተው ውብ ሴት ብዙ ጊዜ የምትታየው በእሱ ዓይን ነው፤ ጥፋቱን በእሷ ያላክካል። አዲሶቹ ልብ አንጠልጣዮች ብዕሩን ለእሷ ሰጡ፣ ብዙው ትኩስ ነገርም የመጣው ከዚያ ነው። ለልምምድ አንድ የቆየ የኖዋር ሦስት ማዕዘን ውሰዱ (ባል፣ ሚስት፣ ውሽማ) እና ያንኑ ታሪክ ከእሷ ወገን በአንድ ገጽ ጻፉ። ድርጊቶቹን አትቀይሩ። ምክንያታቸውን ብቻ። እሱ ወጥመድ ያለው እሷ ዘንድ ማምለጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ወጥመድም ማምለጫም ሆኖ ከቀረ ግን ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ክፉዋን ሴት ወደ ንጹሕ ተበዳይ መቀየር ያው የድሮው ጠፍጣፋነት ተገልብጦ ነው።

መቼቱም ጠቧል። የድሮው ኖዋር ከተማውን ሁሉ የበሰበሰ አድርጎ ያሳያል፤ ፖሊሱ፣ ሀብታሙ፣ ዳኛው። አሁን የበሰበሰው ተቋም ትዳሩ ወይም ቤተሰቡ ነው። የቤቱን ፕላን በወረቀት ሣሉ፦ ከየትኛው ክፍል የትኛው ይሰማል፣ የትኛው በር ይጮኻል፣ ከመንገድ የሚታየው መስኮት የቱ ነው። በእያንዳንዱ የሌሊት ትዕይንት አንድ የብርሃን ምንጭ ብቻ ፍቀዱ፣ ከጎን የሚመጣ፣ ከዚያም የማይታየውን ግማሽ ፊት አትግለጹ።

መጨረሻው

በዚህ ዘውግ እንደ መጨረሻው የሚበላሽ ክፍል የለም። ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። ሐኪም ወይም ፖሊስ መጥቶ ሁሉን የሚያብራራበት ምዕራፍ አይኑር፤ ተራኪው 300 ገጽ የቆፈረውን ሌላ ሰው በሁለት ገጽ ማውጣቱ ነው። «አሟት ነበር» መልስ አይሁን። ሕመም ለምን ይህን ሰው፣ ለምን ያን ሌሊት የሚለውን አይመልስም፤ መጽሐፉ የተገነባበትን ፍላጎትም ይሰርዘዋል። ከመጨረሻው መገለጥ በኋላ ሌላ መገለጥ፣ ከዚያም ሌላ መደርደርም ልማድ ሆኗል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ካላከበደው ቁረጡት።

ከኖዋር የሚወረሰው የመጨረሻ ነገር ማወቅ እንደማይጠግን ነው። እውነቱ ከወጣ በኋላ ከ10 እስከ 15 ገጽ አስቀሩና ተራኪው ያወቀውን ይዞ ሲኖር አሳዩት። ገዳዩ በፖሊስ መያዙ ግዴታ አይደለም። ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ በ1955 ገዳዩን ነጻ ለቀቀችው፤ ግን በየወደቡ ፖሊስ ቆሞ የሚጠብቀው እየመሰለው። ፍርዱ ከውጭ ወደ ውስጥ መዛወሩ ነው።

እርማት

ረቂቁ ሲያልቅ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አርቁት። ተመልሳችሁ በሁለት ቀለም አንብቡ፦ ተራኪው የሠራውን በአንዱ፣ ያሰበውንና ያብራራውን በሌላው አስምሩ። ሁለተኛው ቀለም ብቻ ለሦስት ገጽ ከቀጠለ እዚያ ላይ መጽሐፉ ቆሟል፤ እጅ አስገቡበት። ከዚያ የመጀመሪያውን ቀለም ብቻ ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። ከአንደኛው ዓምድ ጋር የማይገጥም አንድ ድርጊት እንኳ ካለ ያ ማታለል ሳይሆን ስህተት ነው።

ቀጥሎ ታሪኩን ለማያውቁ ሁለት ሰዎች ስጡ። ለአንደኛው ግማሹን ብቻ ስጡና ማንን እንደሚጠረጥር ከነምክንያቱ ይጻፍ። ትክክለኛውን ሰው በትክክለኛው ምክንያት ከጠረጠረ ጥቆማዎቹ ጎልተዋል፤ ከሦስቱ አንዱን አውጡ። ትክክለኛውን ሰው በተሳሳተ ምክንያት ከጠረጠረ አትንኩት፣ ያ የተመኛችሁት ነው። ሁለተኛው ሰው ጨርሶ ያንብበውና መጨረሻውን እያወቀ የመጀመሪያዎቹን 30 ገጾች ይድገም፤ «ይሄንማ ነግራኝ ነበር» ያለበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ምልክት ያድርግ። ከአምስት ምልክት በታች ከተመለሰላችሁ ሦስቱን ዓምድ እንደገና አውጥታችሁ ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምሩ።